ጀርባቸውን ለስክሪኑ የሰጡት አማቴ

የሚስቴ አባት ኣቦይ ፍሰሃ ኳስ ማሳያ ቤት ከከፈቱ ሃያ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ከመጀመሪያው ሰሞን ወዲህ ግን አንድ ጨዋታ አይተው አያውቁም። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። እኔም ሚስቴ ኣምለሰት መጀመሪያ ስትነግረኝ ስቄያለሁ። ነገሩ ግን እውነት ነው። ቤታቸው መቐለ፣ ቀዳማይ ወያነ የሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከገበያው ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። አሥራ አራት አግዳሚ ወንበር አለ፣ ግድግዳው ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር ደግሞ አንዲት ዱካ አለች። ዱካዋ ላይ የሚቀመጡት እሳቸው ናቸው፤ ጀርባቸውን ለኳሱ፣ ፊታቸውን ለሰዉ ሰጥተው።

ምክንያቱን ስጠይቃቸው እንደ ተራ ነገር ነው የነገሩኝ። ቤቱን በከፈቱ ሰሞን እንደማንኛውም ሰው ኳሱን ያዩ ነበር። አንድ ቀን ጎል ሲገባ ሁሉም ብድግ አለ፤ የኋላው አግዳሚ ተገልብጦ የአንድ ሽማግሌ እግር ተሰበረ። እሳቸው ያዩት ጎሉን እንጂ ሽማግሌውን አልነበረም። በማግስቱ ዱካዋን አዙረው አስቀመጡና በዚያው ቀሩ።

"ኳሱን የሚያይ ሰው ሞልቷል፤ ሰዉን የሚያይ ነው የጠፋው" ይላሉ።

ተጫዋች በስም አያውቁም። ማን ከማን እንደሚጫወት እንኳ የሚጠፋባቸው ቀን አለ። ግን ጎል ሊገባ ሲል የሰው አፍ እንዴት እንደሚከፈት፣ ዳኛ ሲሳሳት የትኛው ደንበኛ ቀድሞ እንደሚነሳ፣ ጨዋታው ሲሰለች ስልክ ከኪስ መውጣት የሚጀምረው ከየትኛው ወንበር እንደሆነ ከእሳቸው የተሰወረ የለም። በኋላ የሚሆነው ሁሉ ከዚህ ስለሚመጣ ነው መጀመሪያ የነገርኳችሁ።

እኔ አስማማው እባላለሁ፤ የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ። ለሥራ መጥቼ፣ ኣምለሰትን አግብቼ፣ መቐለ ቀረሁ። እንዳ ኢየሱስ ባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ጠባዬን ከጠየቃችሁኝ ቶሎ እበግናለሁ፤ ደግነቱ ቶሎ ይወጣልኛል። እሁድ እሁድ ደግሞ የጌም ቤቶችን ውድድር በዩቲዩብ በቀጥታ አስተላልፋለሁ። ጌም ስል የፕሌይስቴሽን ኳስ ማለቴ ነው፤ ሁለት ልጆች መቆጣጠሪያ ይዘው ይቀመጣሉ፣ ጨዋታቸው በትልቅ ስክሪን ይታያል፣ እኔ እንደ እውነተኛ ኳስ አወራለታለሁ። ምስሉን የምታቀናብረው ሳሊና ናት፤ ዘንድሮ የምትመረቅ የኮምፒውተር ተማሪ። ከሁለታችን ሌላ ማንም የለም።

ስርጭቱን ከማንም በላይ የምትከታተለው ግን እናቴ ወይዘሮ ገላነሽ ናት። ስለ ጌም የምታውቀው ነገር የለም፤ ማወቅም አትፈልግም። እሁድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የእህቴን ስልክ ከስኳር ዕቃው ጋር ታስደግፍና ድምፄን ትሰማለች። ስልክ በተቋረጠበት ጊዜ ዓመት ከመንፈቅ፣ ልጇ ይኑር ይሙት ሳታውቅ ተቀምጣለች። መስመሩ የተከፈተ ቀን "እማዬ" ብዬ ዕንባ ሲይዘኝ፣ "ዝም አትበል ልጄ፣ ዝም አትበልብኝ፣ ያገኘኸውን አውራ" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ማይክ ከያዝኩ አፌ አያርፍም። ለምን እንደማያርፍ ግን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለኣምለሰት እንኳ።

ጉዳችን የፈላው በግማሽ ፍጻሜው ዕለት ነው። ሰው እያየ ሰላምታ ይጽፋል፤ "ከዓዲ ሓቂ ልጆች ሰላም በልልን"፣ "አክስቴን እንኳን ማርያም ማረችሽ በልልኝ"። እኔ አነባለሁ። የአንዱን አንብቤ የሌላውን መዝለል ደግሞ አልችልም፤ ከተማዋ ትንሽ ናት፣ ነገ ባጃጅ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን "ምን አስቀየምኩህ?" ይለኛል። ስለዚህ ሁሉንም አነባለሁ። የዚያን ዕለት የአንድ ሙሽራን ሰባት ሚዜዎች ስም በየተራ እየጠራሁ ሳለ ውድድሩ የሚካሄድበት አዳራሽ በጩኸት ተናጋ። ቀና ስል ተጫዋቾቹ መሀል ሜዳ ላይ ናቸው። ኣንዶም የሚባለው፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ የሚሰፋው ልጅ፣ የውድድሩን ምርጥ ጎል አግብቶ ጨርሷል። እኔ ደግሞ በቀጥታ ስርጭት ላይ፣ ማይኩን ይዤ፣ "ምን ተፈጠረ?" ብዬ ጠየቅኩ።

የጌም ቤቶቹን ውድድር የምታዘጋጀው ዳግማዊት ናት፤ ራሷ የሁለት ጌም ቤት ባለቤት፣ ቃሏን የማታጥፍ ሴት። ጨዋታው እንዳለቀ ስልኳን አሳየችኝ። ሲጀመር ያይ ከነበረው ሰው ግማሹ ከእረፍት በፊት ወጥቷል።

"አስማማው፣ አልጣላህም" አለች። "የሚቀጥለው እሁድ ፍጻሜ ነው። እስከ ዓርብ አስተካክለህ ካሳየኸኝ ታስተላልፋለህ። ካልሆነ ፍጻሜው ያለ ስርጭት ይሆናል። አዳራሽ የመጣ ያያል፣ አለቀ።"

ቤት ገብቼ ለኣምለሰት ስነግራት፣ የሰማችኝ ልብስ እያጣጠፈች ነው። እኔ ተመልካቹን ረገምኩ፣ ኔትወርኩን ረገምኩ፣ ሙሽራውንም ከነሚዜዎቹ ረገምኩ። ሳበቃ፣ "ኣቦይ እኮ ዛሬ ስርጭታችሁን ቤታቸው ከፍተውላችሁ ነበር" አለችኝ። "ወንበሩ ሞልቶ ነበር አሉ። ለምን እሳቸውን አትጠይቅም?"

"ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠው ምን አይተው ነው የሚነግሩኝ?"

"እሱን እሳቸውን ጠይቅ" አለችና ማጠፏን ቀጠለች።

ሰኞ ከሥራ ስወጣ ሄድኩ። ቤቱ ባዶ ነበር። ኣቦይ ፍሰሃ የመጀመሪያው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ይጠርጉ ነበር። "ከመይ ውዒልካ፣ ወደይ" አሉኝ። ደህና መዋሌን፣ ልጃቸው ኣምለሰት ደህና መዋሏን፣ ደብረ ታቦር ያሉት ደህና መሆናቸውን ጠየቁኝ። የእናቴን ጉልበት ሳይቀር ጠየቁ፤ ከሰርጋችን ቀን በኋላ ባያገኟትም ጉልበቷን እንደሚያማት አይረሱም። ከዚያ ከአግዳሚው ሥር አንድ የተማሪ ደብተር አወጡ።

"ያ የሚያወራው ልጅ" አሉ፣ "ጓደኛህ ነው መሰለኝ።"

ግራ ገባኝ። የሚያወራው እኔ ነኝ፤ እሳቸውም ያውቃሉ። ቀና ብዬ ሳያቸው ደብተሩን እንጂ እኔን አያዩም። ያን ጊዜ ገባኝ። የሚስት አባት አማቹን ፊት ለፊት አያርምም፤ በእኛም በእነሱም ነውር ነው። አማችም የአማቱን ቃል አይመልስም። ስለዚህ አንድ ሦስተኛ ሰው መሀላችን አስቀመጡ።

"አዎ፣ አውቀዋለሁ" አልኩ።

"ጥሩ ልጅ ነው?"

"ምንም አይልም።"

"ሕራይ፣ እሺ። እንግዲህ ስታገኘው ንገረው።" መነጽራቸውን አደረጉ። በሰዓታቸው እያዩ ደቂቃ በደቂቃ ጽፈውታል፤ ጽሑፉ በትግርኛ ነው፣ እያነበቡ በአማርኛ ይነግሩኛል። "ሰዎቹ 'ስንት ለስንት ነው?' እያሉ ጠየቁ። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ። አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው፣ ስክሪን ፊታቸው እያለ፣ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ።"

ውጤቱ የት እንደነበር አሰብኩ። ሳሊና የሠራችው የሚያብረቀርቅ የውድድሩ ዓርማ ሥር ነበር። ዓርማው እንዲተልቅ ያዘዝኳት እኔ ነኝ።

"ሁለተኛ፣ የልጁ ፊት። ጥግ ላይ በትንሽ ሳጥን ይታያል አሉኝ። በዚያ በኩል ኮርነር ሲመታ ሰዉ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል።" ተነሡና አንገታቸውን አስግገው፣ ወደ ግራ ጠምዝዘው፣ በበር ቀዳዳ እንደሚያሾልቅ ሰው ሆነው አሳዩኝ። "ከልጁ ፊት ጀርባ ያለውን ሊያዩ ነው። አርባ ሰው በአንድ ጊዜ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።"

እኔ አልሳቅኩም። ጆሮዬ ሲግል ይታወቀኛል። "ልጁ እኮ ልምድ ያለው ነው" አልኩ። "ሦስት ዓመት ሠርቶበታል።"

"ሊሆን ይችላል። እኔ እሱን አላየሁም። ሰዎቹን ነው ያየሁ።" ገጹን ገለጡ። "ሰላምታ። አርባ አንድ ሰላምታ፣ ከእረፍት በፊት ብቻ። ስሙ የተጠራው ሰው ይስቃል፣ ጓደኞቹ ትከሻውን ይመቱታል። ከዚያ ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው የራሳቸውን ሰላምታ ይጽፋሉ። ጎሉ ሲገባ ስክሪን ያዩ የነበሩ ስድስት ናቸው፤ ቆጥሬያቸዋለሁ። ደግሞ ከፋብሪካ የመጡ ሴቶች ነበሩ፣ ያ የሚሰፋው ልጅ ጓደኞች። የሥራ ልብሳቸውን ሳይቀይሩ ነው የመጡ። 'ኣንዶም የቱ ነው? ለምን አያሳዩንም?' እያሉ አለቀ። ኣንዶምን ሳያዩት ሄዱ።"

ይሄኛው አመመኝ። ካሜራው ሙሉ ጊዜውን እኔ ላይ ነበር።

"የመጨረሻው" አሉና ደብተሩን ዘጉት። "ልጁ ብዙ ያወራል። መጀመሪያ ይሰሙታል። ከዚያ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ይሆንባቸዋል፤ አለ፣ ግን የሚሰማው የለም። እንግዲህ በደንብ አድርገህ ንገረው፤ እንዳይከፋው።"

"እነግረዋለሁ" ብዬ ወጣሁ።

ነደደኝ እንጂ ሌላ ምን ይሁን። ቤት እስክደርስ ድረስ በልቤ ስከራከራቸው ነበር። ለኣምለሰት አንድ በአንድ ስነግራት አንገት ማስገጋቸው ላይ ስደርስ በሳቅ ፈረሰች።

"ምን ያስቅሻል?"

"አባቴ እኮ ለማይወዱት ሰው ደብተር አያወጡም" አለች። "በሃያ ስድስት ዓመት ሲጽፉ አይቻቸው አላውቅም።"

ማክሰኞ የግማሽ ፍጻሜውን ቅጂ ከሳሊና ጋር ከፍተን ደቂቃዎቹን አመሳከርን። ሁሉም ልክ ነበር። በሃያ ሦስተኛው ደቂቃ ሰዉ ስልኩን አወጣ ያሉበት ቦታ ላይ እኔ ስለ ቁርሴ እያወራሁ ነው። ሳሊና ቀና ብላ ሳታየኝ፣ "ዓርማው እንዲተልቅ ስታዘኝ ነግሬህ ነበር" አለች። እውነቷን ነው። ነግራኛለች፣ እኔ ነኝ አይሆንም ያልኩት።

ሥራ ጀመርን። ዓርማውን አጥፍተን ውጤቱን ከላይ በትልቁ አደረግን። ፊቴን አወጣነው፤ በዚያ ካሜራ የተጫዋቾቹን ፊትና እጅ ለማሳየት ተስማማን። ሰላምታው ግን አስቸገረን። ጭራሽ ይቅር ብል ሰው ይቀየመኛል። ሳሊና ናት መላ ያመጣችው፤ የሰላም ባዩ ስም ሁሉ በእረፍት ሰዓት፣ በተጻፈበት ቅደም ተከተል፣ ስክሪኑ ላይ ይወርዳል፣ እኔ አነባለሁ። ማንም አይቀርም፣ ጎልም አያመልጥም። እንዲህ ቀላል ነገር ሦስት ዓመት ሙሉ እንዴት ሳይታየኝ ቀረ ብዬ በራሴ ተናደድኩ።

ሐሙስ ከሥራ በኋላ አዲሱን አሠራር ኣቦይ ፍሰሃ ቤት ሞከርን። ሁለት ልጆች አንድ ጨዋታ ተጫወቱ፣ እኔ ከጓዳ ሆኜ አወራሁ፣ ደንበኞቻቸው አዩ። እሳቸው ዱካቸው ላይ። ሰዉ ሲበተን እንደገና አግዳሚው ላይ ተቀመጥን።

"ዛሬ 'ስንት ለስንት' ያለ የለም" አሉ። "ያቺ ምስል የምታቀናብር ልጅ ጎበዝ ናት። ሰዉ የተጫዋቾቹን እጅ ሲያይ የራሱንም ጣት ያንቀሳቅሳል፤ አይተህ ቢሆን። ያ ልጅ ግን አሁንም አይተነፍስም። ሰዉ ትንፋሹን ሲይዝ እሱ ያወራል። ፍጹም ቅጣት ምት ሲመታ እንኳ ያወራል። ለማን ነው እንደዚህ የሚያወራ?"

እንዲህ በቀጥታ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም። ደግሞ እኔን አልጠየቁኝም፤ የጠየቁት ስለ ልጁ ነው። አፌ ራሱ ተናገረ።

"እናቱ ትሰማዋለች" አልኩ። "ሩቅ ናት። ስልክ ጠፍቶ በነበረ ጊዜ ብዙ ተሠቃይታለች። ዝም ካለ ትደነግጣለች። ስለዚህ ዝም ማለት አይችልም።"

ኣቦይ ፍሰሃ መነጽራቸውን አወለቁ። እሳቸውም በዚያ ጊዜ አዲስ አበባ ያለ ልጃቸውን ድምፅ ሳይሰሙ ነው የከረሙት። ቴሌቪዥኑን በብርድ ልብስ ጠቅልለው አልጋ ሥር አስገብተው፣ ባዶ አግዳሚ መሀል ይቀመጡ እንደነበር አስታውሳለሁ።

"ሕራይ" አሉ በመጨረሻ። "ቢሆንም ዝም ይበል። በፍጹም ቅጣት ምቱ ብቻ። ሌላውን ለእኔ ተወው በለው።"

ሌላው ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። አማት አይጠየቅም።

ዓርብ ዳግማዊት አየችው። ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። "ጥሩ ነው፣ ግን ሙከራ ሌላ ፍጻሜ ሌላ" አለች። "ትጀምራላችሁ። በእረፍት ሰዓት ቁጥሩን አያለሁ። ሰው እንዳለፈው ከወጣ እዚያው ላይ አቋርጠዋለሁ።" እሺ ከማለት ሌላ ምን አማራጭ ነበረኝ።

እሁድ ስምንት ተኩል ላይ አዳራሹ ግጥም አለ። የፋብሪካዎቹ ሴቶች አንድ ጥግ ሞልተው ተቀምጠዋል። ኣንዶም የሚገጥመው ኣሪያም የሚባል የግቢ ተማሪ ነው፤ የእሱም ጓደኞች በሌላው በኩል ናቸው። ሽቦ እያገናኘሁ ቀና ስል ኣቦይ ፍሰሃ ኮታቸውን ለብሰው ሲገቡ አየሁ። እሁድ ቀን ቤታቸውን ዘግተው። ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ ሲያደርጉ አይቼ አላውቅም። አንድ ወንበር አንሥተው መጡና ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት፣ ጀርባቸውን ለትልቁ ስክሪን ሰጥተው ተቀመጡ።

"ምነው ኣቦይ፣ ከዚህ ምንም አይታይዎትም እኮ።"

"ሰዉን ዛሬ ሌላ ሰው ይየው" አሉኝና እኔን እያዩ ተቀመጡ።

መጀመሪያ ላይ ተጨነቅኩ። የሚስት አባት ፊት ለፊት ተቀምጦ እያየህ ማውራት ቀልድ አይደለም። ግን ጠቀመኝ። ሳበዛ ቅንድባቸው ትነሣለች፤ እኔ እቆማለሁ። ሳሊና የኣንዶምን ፊት ስታሳይ ሴቶቹ እልል አሉ፤ እጁን ስታሳይ ደግሞ ጸጥ ብለው አዩት። መርፌ የወጋው አውራ ጣቱ ላይ የታሰረው ፕላስተር ሳይቀር ይታይ ነበር። እረፍት ሆነ። አንድ ለአንድ። የሰላም ባዮቹን ስም እያነበብኩ በዓይኔ ዳግማዊትን ፈለግኩ። ቁማ ስልኳን ታያለች። አየች፣ አየች፣ ከዚያ አውራ ጣቷን አሳየችኝና ውሃ ልትጠጣ ወጣች። ማንም አልወጣም። እንዲያውም ተጨምሯል።

ሁለተኛው አጋማሽ ሁለት ለሁለት አለቀ። ተጨማሪ ሰዓት ምንም አልለወጠም። ፍጹም ቅጣት ምት ሆነ።

ኣቦይ ፍሰሃ እጃቸውን አንሥተው ቀስ አድርገው ወደ ታች አወረዱ። አፌን ዘጋሁ። ማይኩ ክፍት ነው፣ አዳራሹ ይሰማል፣ እኔ ዝም ብያለሁ። እናቴ ትዝ አለችኝ። ከስኳር ዕቃው ጋር የተደገፈው ስልክ፣ እሷ ጎንበስ ብላ "ምነው? ምነው ዝም አለ?" ስትል ታየኝ። አንዱ ምት ገባ፣ ሁለተኛው ገባ፤ "ገባ" ከማለት በቀር ቃል አላወጣሁም። ሳሊና አራት እጅ ብቻ ታሳያለች። አዳራሹ ውስጥ የሚያስል እንኳ የለም።

በዚህ መሀል ኣቦይ ፍሰሃ ስልካቸውን አውጥተው ጆሯቸው ላይ አደረጉ። በእጃቸው አፋቸውን ከልለው ማንሾካሾክ ጀመሩ። በግኜ ልሞት። እኔን ዝም አስብለው እሳቸው ስልክ ያወራሉ። ተነሥቼ የምነጥቃቸው ነበር የመሰለኝ። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከእኔ ሳይነቅሉ ያንሾካሹካሉ። አማቴ ባይሆኑ ኖሮ የዚያን ቀን አንድ ነገር እናገር ነበር።

የመጨረሻውን ምት የሚመታው ኣሪያም ነው። ካገባ ይቀጥላሉ፤ ከሳተ ኣንዶም ያሸንፋል። የኣሪያም ጣት ቁልፉን ተጫነ። የኣንዶም አውራ ጣት፣ ፕላስተር ያለበት፣ ወደ ግራ ሄደ። በረኛው ተወርውሮ ያዘው።

"ኣንዶም" አልኩ። ሌላ ቃል አላስፈለገም። ሴቶቹ ከጥጋቸው ተነሥተው እንደ ጎርፍ መጡና ልጁን ከወንበሩ አነሡት። ኣሪያምም እየሳቀ ጀርባውን መታው። ሳሊና እንባዋን እየጠረገች ምስል ትቀያይራለች። ሦስት ዓመት ሙሉ በዚህ አዳራሽ ሳወራ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፤ ሁልጊዜ እያወራሁ ነበራ።

ሰዉ መውጣት ሲጀምር ዳግማዊት መጣችና፣ "የሚቀጥለውም ውድድር የእናንተ ነው፤ ሌላ ሰው አልፈልግም" አለች። ሳሊናን አቀፈቻት፣ እኔን ጨበጠችኝ። ደስ አለኝ፤ በጣም ደስ አለኝ። ግን ልቤ ደብረ ታቦር ነበር። ወደ በረንዳው ወጥቼ ደወልኩ። ስልኩ ገና አንዴ ሳይጠራ አነሣችው።

"እማዬ፣ ደነገጥሽ?" አልኳት። "በመጨረሻው ላይ ዝም ያልኩት ምንም ሆኜ አይደለም፣ ሥራው ነው፣ ኔትወርኩም ደህና ነበር፣ እኔም..."

"ኧረ ቀስ በል፣ ምን ያስደነግጠኛል" አለችኝ። ድምፅዋ የተረጋጋ ነበር። "አማትህ ነግረውኛል እኮ። ሐሙስ ማታ ደውለው፣ 'ወይዘሮ ገላነሽ፣ እሁድ ልጃችን ትንሽ ዝም ይላል፤ እንዳይደነግጡ፣ እኔ ፊት ለፊቱ እቀመጣለሁ' አሉኝ። ዛሬም ልክ ዝም ስትል በእኔ ስልክ ደወሉ። አማርኛቸው ይጠፋባቸዋል፣ የእኔም ጆሮ ይደክማል፤ አንድ ነገር ብቻ ይደጋግሙልኝ ነበር። 'እያየሁት ነው፤ ደህና ነው። እያየሁት ነው፤ ደህና ነው።' አንተ እስክትናገር ድረስ አልዘጉትም።"

በረንዳው ላይ፣ ሰው እያለፈ፣ ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ። እናቴ ከወዲያ በኩል ሆና ዝም ብላ ጠበቀችኝ፤ አልቸኮለችም።